ወጋጎዳ፦ አራት ፊደል፣ አራት ሕዝብ

ወ ከወላይታ፣ ጋ ከጋሞ፣ ጎ ከጎፋ፣ ዳ ከዳውሮ። አራቱ ሲገጣጠሙ «ወጋጎዳ» ሆኑ። በ1991 ዓ.ም ይህ ቃል በሰሜን ኦሞ ዞን ትምህርት ቤቶች የአንድ ቋንቋ ስም ነበር። መማሪያ መጽሐፍ ታትሞበታል፣ መምህር ቆሞ አስተምሮበታል፣ ሕፃናት ንባብ ጀምረውበታል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፉን የፈታበት ሰው። ብዙም ሳይቆይ ከክፍል ወጣ። ዛሬ ቃሉ የሚገኘው በተመራማሪዎች ጽሑፍና ዘመኑን በኖሩ ሰዎች ጨዋታ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ቢሰማው የመንደር ወይም የወንዝ ስም ሊመስለው ይችላል።

ዕድሜው ያጠረ ቃል ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን ረጅም ነው።

የአባያ ሐይቅ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻው የወላይታን ቆላ ይነካል። በምዕራብ በኩል የጋሞ ተራሮች ቁልቁል ያዩታል። ከጋሞ ደጋ ባሻገር ጎፋ አለ፤ ኦሞን ሲሻገሩ ደግሞ ዳውሮ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ አገሮች በአንድ ጥላ ሥር አልነበሩም። ወላይታ «ካዎ» የሚባል ብርቱ ንጉሥ ነበረው፤ ዳውሮም የራሱ ነገሥታት ነበሩት። ጋሞ ለብቻው ነው። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ቦሮዳና ሌሎችም «ዴሬ» የሚባሉ አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካዎ፣ ሕዝብ የሚሾማቸው ሀላቃዎችና ሸንጎ የሚቀመጥበት ዱቡሻ ነበራቸው። ሁሉንም ጠቅልሎ የሚገዛ አንድ የጋሞ ንጉሥ አልነበረም። እንግዲህ በኋላ «ጋ» ተብሎ በአንድ ፊደል የገባው ስም ራሱ የብዙ አገሮች ድምር ነው።

ቋንቋዎቹ ግን እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ። ወላይታው ቤትን «ኬታ» ሲል ጋሞው «ኬትሲ» ይላል። ወላይታው ውኃን «ሃታ» ሲል ጋሞው «ሃትሴ» ይላል። ፈጣሪ በአንዱ ዘንድ «ጦሳ»፣ በሌላው ዘንድ «ጦሲ» ነው። ልዩነቱ ዘፈቀደ አይደለም፤ አንዱ ጋ «ት» የሆነው ድምፅ ሌላው ጋ «ትስ» እየሆነ ይመጣል። በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግሊዝኛው አሥርን «ተን» ሲል ጀርመንኛው «ጼን» ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው «ዋተር» በጀርመንኛ «ቫሰር» ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በፊት በደቡባዊ ጀርመን የተጀመረ የድምፅ ለውጥ ነው እነዚህን እህት ቋንቋዎች የለያያቸው። ከአባያ ዙሪያ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። እንግሊዛዊና ጀርመናዊ «ተን» እና «ጼን» አንድ ሥር ናቸው ስለተባለ ልጆቻቸውን በአንድ መጽሐፍ ላስተምር የሚል ሚኒስቴር ግን አልተነሣም።

አንዳንዴ ልዩነቱ ሰፋ ይላል። «ሁለት» ለማለት ወላይታው «ናኡ»፣ ጋሞው «ናምኡ»፣ ዳውሮው «ላኡ» ይላል። ለቋንቋ አጥኚ እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቃል ሦስት መልክ ናቸው። ቁጥር ለሚማር የሰባት ዓመት ልጅ ግን አንዱ የእናቱ ቃል ነው፣ ሁለቱ የጎረቤት።

በ1887 ዓ.ም የአፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን ድል አድርጎ ካዎ ጦናን ማረከ። አካባቢው በሙሉ በእነዚያው ዓመታት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ገባ። ከጦሩ ጋር ጸሐፊው መጣ፣ ከጸሐፊው ጋር ደግሞ አዲስ ስም። ወላይታ በመዝገብ «ወላሞ» ተባለ፤ ዳውሮ «ኩሎ» ተባለ። የስሞቹ ባለቤቶች ራሳቸውን እንዲህ ብለው አይጠሩም ነበር፤ በተለይ «ወላሞ» የንቀት ቃና ስለነበረው ይከነክናቸው ነበር። ጋሞም አላመለጠም። ሸማኔዎቹ አዲስ አበባ ገብተው ሽሮ ሜዳና አካባቢው ሲሰፍሩ ከተሜው ከየትኛውም ዴሬ ይምጡ ሁሉንም «ዶርዜ» አላቸው። የአንዲት አገር ስም የሁሉም ሆኖ ቀረ።

ሐይቁ ራሱ ተሰይሟል። በ1888 ዓ.ም ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን መጨረሻ ፍለጋ ሲጓዝ አባያ ዳር ደረሰና በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» አለው። በዓመቱ ቦቴጎ በወለጋ በኩል ሲመለስ በውጊያ ሞተ፤ ለሐይቁ የሰጠው ስም ግን በአውሮፓ ካርታዎች ላይ አሥርት ዓመታት ኖረ። በሐይቁ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ማርጌሪታ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ስምን ከላይ አውርዶ መለጠፍ ለአባያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አራቱ ሕዝቦች በሦስት ጠቅላይ ግዛት ተከፍለው ነበር። የወላሞ አውራጃ በሲዳሞ ሥር ነበር። ኩሎ ኮንታ በከፋ ሥር። ጋሞና ጎፋ ደግሞ ስማቸው ተጣምሮ «ጋሞ ጎፋ» በሚባል ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፤ ዋና ከተማውም መጀመሪያ በደጋው ጨንቻ ነበር፣ በ1950ዎቹ ወደ ቆላው ወርዶ በአዲሲቱ አርባ ምንጭ ተቆረቆረ። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ወላይታና ዳውሮ ከአርባ ምንጭ ጋር የሚያገናኛቸው የአስተዳደር ታሪክ አልነበራቸውም። የግብር ደረሰኛቸው፣ ፍርድ ቤታቸው፣ ገዥያቸው ሌላ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ የጋራ ስም በሌላ መንገድ መጣ። ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ የተባለ ጣሊያናዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1938 «የኦሜቶ ቋንቋ መግቢያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ኦሜቶ ብሎ በአንድ ስም የጠቀለላቸው እነዚህኑ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዘመዶቻቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ የኦሞ ሸለቆ አካባቢ ቋንቋዎች ከኩሽ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ናቸው ሲል ተከራከረ፤ ቤተሰቡ «ኦሞአዊ» ተባለ። ኦሜቶ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ይሠራበታል፤ ማንንም አላስቆጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኦሜቶ የምደባ ስም ነው፣ ማንም በኦሜቶ ፈተና ተፈትኖ አያውቅም።

በኦሜቶ ጥላ ሥር ያሉት ደግሞ አራት ብቻ አይደሉም። ዘይሴ፣ ኮሬ፣ ማሌ፣ ኦይዳ፣ ባስኬቶ አሉ። በአባያ ላይ ያለችው የጊዲቾ ደሴት ብቻዋን ሁለት ቋንቋ ይዛለች፤ አንዱ ኩሽ የሆነው ባይሶ ሲሆን ሌላው ኦሜቶ የሆነው ሃሮ ነው። በኋላ ሚኒስትር የሆኑት ሂሩት ወልደማርያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑት ይህንኑ የሃሮን ሰዋስው ነው። «ወጋጎዳ» ሲባል ለእነዚህ ሁሉ የተረፈ ፊደል አልነበረም።

ከአብዮቱ በኋላ «ወላሞ» ከመንግሥት መዝገብ እየወጣ «ወላይታ» ቦታውን ያዘ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ከአራቱ መካከል ወላይታ በመንግሥት ደረጃ በቋንቋው መጻፍንና ማንበብን ቀድሞ ጀመረ። ይህ ቀዳሚነት ኋላ ለተፈጠረው ቁጣ አንዱ ምክንያት ነው፤ የነበረውን ማጣት ያልነበረውን ከማጣት ይከብዳል።

1983 ዓ.ም ሁሉንም ነገር ገለበጠ። አዲሱ መንግሥት አገሪቱን በቋንቋና በማንነት ሲያዋቅር፣ ደቡብ ላይ ከሃምሳ የሚበልጡ ብሔረሰቦች በአንድ ክልል ተጠቃለሉ። በክልሉ ውስጥ ሰሜን ኦሞ የሚባል ሰፊ ዞን ተቋቋመ። ዋና ከተማው አርባ ምንጭ፤ በሥሩ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ኮንታና ሌሎችም። አራቱ ሕዝቦች በአንድ አስተዳደር ሥር ተቀመጡ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ወላይታ ወደ 1.27 ሚሊዮን፣ ጋሞ 720 ሺህ ገደማ፣ ዳውሮ 330 ሺህ ገደማ፣ ጎፋ 240 ሺህ ገደማ ሆነው ተቆጠሩ። ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ሥጋት ወለደ። ትንንሾቹ በወላይታ እንዳይዋጡ ፈሩ። የወላይታዋ ከተማ የሶዶ ሰው ደግሞ በቁጥር እየበለጠ ጉዳዩን ለማስፈጸም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርባ ምንጭ መውረዱ ቆረቆረው።

ስሞችን ደርድሮ ማጣመር በዚያን ዘመን የፖለቲካው ልማድ ነበር። በዞኑ የገዢው ግንባር አባል የነበረው ፓርቲ ራሱ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋ፣ የዳውሮና የኮንታ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ይባል ነበር። ይህን በአንድ ትንፋሽ መጥራት ለካድሬም ይከብዳል፤ ማሳጠሩ የግድ ነው። ቃሉ የበቀለው ከዚህ ማሳ ነው እንጂ ከገበያ ወይም ከለቅሶ ቤት አይደለም። ኮንታ ደግሞ በፓርቲው ስም ውስጥ ተጠርቶ በቋንቋው ስም ውስጥ ተረስቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርቱ በየራስ ነበር የተጀመረው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ደነገገ። የላቲን ፊደል ተመረጠ፤ ወላይታው በወላይትኛ፣ ጋሞው በጋሞኛ መማር ጀመረ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። አራት የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ አራት ጊዜ ማሳተም፣ ለአራት ቋንቋ መምህር ማሠልጠን ለድሃ ክልል ከባድ ነው። ቋንቋዎቹ እንደሚቀራረቡ ምሁራኑ ጽፈዋል። ተናጋሪዎቹም በገበያ ሲገናኙ በአብዛኛው ይግባባሉ። ታዲያ ለምን አንድ አይሆኑም? ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ የዕብድ ሐሳብ አይደለም። ከአንዱ ይህን ቃል፣ ከሌላው ያንን ወስዶ አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ መሥራት ነበር ዕቅዱ። ስሙም ተሠራ። የሚገርመው፣ ስሙ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሕዝብ በልክ አንድ ፊደል ይደርሰዋል፤ ቋንቋው ግን የሚጻፈው በላቲን ነበር።

ለዕቅዱ አውጪዎች ጥሩ መማሪያ የሚሆን ታሪክ ከጀርመንኛ ዘመዶች መካከል ነበረ። ኖርዌይ ሁለት የጽሑፍ ቋንቋ አላት። አንዱ ከዴንማርክ አገዛዝ ዘመን የጽሑፍ ልማድ የወጣው ቡክሞል ነው። ሌላው ኢቫር ኦሰን የተባለ የገበሬ ልጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ዞሮ፣ የገጠር ዘዬዎችን ለቅሞ ያዋቀረው ኒኖሽክ ነው። መንግሥት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ቀስ በቀስ ለማዋሐድ ተነሣ፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1917 እና በ1938 የተደረጉት የአጻጻፍ ለውጦች ወደዚያ ያመሩ ነበር። የሚወለደው ቋንቋ ስም «ሳምኖሽክ» ሆነ፤ የጋራ ኖርዌይኛ እንደማለት። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ግን ወላጆች ተቆጡ። ፊርማ አሰባሰቡ። አንዳንዶቹም የልጆቻቸውን የትምህርት መጻሕፍት በብዕር እያረሙ ቃላቱን ወደሚያውቁት መልክ መለሱ። መንግሥት እያፈገፈገ ሄዶ ፖሊሲውን በይፋ የተወው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዛሬ ሳምኖሽክ የሚል ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የኦሰን ሥራም ከብዙ ዘዬ የተለቀመ ነበር፤ እሱ ግን ኖረ። ከመንደር ወጥቶ ደጋፊ ያፈራ፣ ደራሲ ያገኘ፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ የተሰጠበት ነበርና። ወጋጎዳ ይህን ዕድል አላገኘም። ግጥም አልተጻፈበትም፣ ስብከት አልተሰበከበትም፣ ማንም በእሱ ተሳድቦ አያውቅም። ከዞን ቢሮ ወጥቶ በቀጥታ የገባው አንደኛ ክፍል ነው።

በ1991 ዓ.ም መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ተቃውሞው ከሁሉ በፊት ከመምህራን መጣ። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ራሱ የማይናገረውን ቃል ሕፃናትን የሚያስደግመው እሱ ነው። የወላይታ መምህራን መጽሐፉ ቋንቋችን አይደለም አሉ። የተቃወሙ መምህራን ከሶዶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ዝውውሩ እሳቱን አራገበ። በ1992 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ሶዶ ከተማ ውስጥ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ነዋሪውም ተከተለ። የጸጥታ ኃይሎች በኃይል መለሱ። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ስለ አንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ የተጀመረ ክርክር በደም ተቋጨ።

ከሁሉም የበረታው ቁጣ ሶዶ ላይ የሆነበትን ምክንያት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት አይከብድም። «ወላሞ» የሚለውን ስም አስጥሎ በገዛ ስሙ ለመጠራት ብዙ የደከመ ሕዝብ ነው። ገና ስሙን ሲያስመልስ ከስሙ አንድ ፊደል ብቻ ተቆርጦ ከሌሎች ጋር ተሰፋበት። በወላይትኛ «ዶና» አፍ ማለት ነው፤ ቋንቋም ማለት ነው። ኦሮሞው «አፋን» እንደሚለው፣ አማራውም «አፍ መፍቻ» እንደሚለው። «ወላይታ ዶና» የሚል ሰው የወላይታ አፍ ማለቱ ነው፤ መጽሐፉም የተነካው እንደ አፍ ተነክቶ ነው የታየው።

ተቃውሞው ግን የቋንቋ ብቻ አልነበረም። ከመጽሐፉ ጀርባ የዞን ጥያቄ ነበር፤ ወላይታ በራሱ ዞን ይተዳደር የሚል። አንዳንድ ታዛቢ መጽሐፉን ሰበብ ብቻ ያደርገዋል። ይህ ግን መምህራኑን ያሳንሳል። ክብሪት ሆነ የሚባለው መጽሐፍ ልጆች በየዕለቱ የሚገልጡት፣ ወላጅ ማታ ተቀብሎ የማያነበው መጽሐፍ ነበር፤ ዞን ባይጠየቅም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም ነበር።

መንግሥት መጻሕፍቱን ሰበሰበ። ልጆቹ ወደየቋንቋቸው ተመለሱ። በ1993 ዓ.ም ሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ፈረሰ፤ ወላይታ ዞን ሆነ፣ ዳውሮ ዞን ሆነ፣ ጋሞና ጎፋ አብረው በአንድ ዞን ቀሩ፣ ባስኬቶና ኮንታ ልዩ ወረዳ ሆኑ። አንድን ዞን በቋንቋ ሊያጣብቅ የተሠራ ቃል ዞኑን ይዞ ሄደ። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነቷን እንደገና ያዘች፤ የድሮው ጠቅላይ ግዛት ስም በዞን መልክ ተነሣ።

ድርብ ስሞቹ መፈታታቸው በዚህ አላበቃም። በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ኮድ መዝገብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ «ጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ» የሚባል አንድ ቋንቋ በአንድ ኮድ ተመዝግቦ ነበር፤ ወላይትኛ ለብቻው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ ኮድ ተሰርዞ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አገኙ። ሶዶ ላይ ሰው የሞተበትን ነገር የውጭ መዝጋቢዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በሦስት ፊደል ኮድ አጸደቁት። በ2011 ዓ.ም ጋሞና ጎፋም ተለያዩና አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን፣ ሳውላ የጎፋ ዞን ዋና ከተማ ሆኑ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ዳውሮ ከከፋ፣ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር ወደዚያ ሄደ። በአፄው ዘመንም ከከፋ ጋር ነበር። በ2015 ዓ.ም ከሕዝበ ውሳኔ በኋላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ በአንድ ክልል ተገናኙ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ዞን፣ ከጌዴኦ፣ ከኮንሶ፣ ከደቡብ ኦሞና ከሌሎችም ጋር። ወ፣ ጋ እና ጎ አንድ ክልል ውስጥ ናቸው፣ ዳ ሌላ። ለክልሉ ስም ሲፈለግ የተመረጠው አቅጣጫ ነው፤ የሕዝቦችን ስም ቆርጦ የመግጠም ሐሳብ በስሙ ውስጥ የለም።